ከዓይን የተሰወረ ጕዳት ያላቸው ሕፃናትና ቤተ ክርስቲያን

(በራዲዮ ከተሰማው ሳምንታዊ ንግግር የተወሰደ)



አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በቀረቡ ጊዜ መንገድ የማይለቅላቸው ሰው የለም። ጐልማሳው ክንዳቸውን ይደግፋል፤ ሴቲቱ ነጠላዋን ሰብስባ ስፍራ ትሰጣለች፤ «አይዞዎት አባቴ፥ ደረጃ ነው» የሚላቸውም አይታጣም። ይህን መልካም ልማድ ማንም በመጽሐፍ አላስተማረንም፤ ከወላጆቻችን አይተን ወረስነው እንጂ። ነገር ግን ልማዱ የሚሠራው ጕዳቱን በዓይናችን ባየን ጊዜ ብቻ ነው። በትር ያልያዘ፥ የማያነክስ፥ መልኩ የተሟላ፥ እንደ ማንኛውም ልጅ የሚሮጥ፥ ዳሩ ግን አእምሮው ወይም የስሜት ሕዋሱ ከሌሎቹ በተለየ አኳኋን የሚሠራ ሕፃን በቅዳሴ መካከል ጆሮውን ይዞ ቢጮኽ፥ መንገድ ከሚለቅለት ይልቅ የሚቆጣው ይበዛል።

የዛሬው ንግግሬ ስለ እነዚህ ሕፃናት ነው፤ ይኸውም ጕዳታቸው ከዓይን የተሰወረ ልጆች በእምነት እንዲያድጉ ቤተ ክርስቲያንና ምእመናኑ ምን ሊያደርጉላቸው እንደሚችሉ ለመግለጽ ነው። አስቀድሜ ግን ከቁጡዎቹ አንዱ እኔው ራሴ እንደ ነበርሁ መናዘዝ ይገባኛል።

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር በአንድ እሑድ በሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ሳስቀድስ፥ በሴቶቹ መቆሚያ ጫፍ፥ ከእኔ ብዙ ሳይርቅ፥ ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ቆሞ ነበር። ቅዳሴው እስኪጋመስ ድረስ በእግሮቹ ጣቶች እየቆመ፥ እጆቹንም እንደ ክንፍ እያርገበገበ ማንንም ሳያስቸግር ቆየ። ድምፅ ማጉያው በድንገት ባፏጨ ጊዜ ግን ሁለት ጆሮዎቹን ይዞ ወደቀ፤ ጩኸቱም ቤቱን ሞላው። ሰው ሁሉ ዘወር አለ። እኔም ከሌሎቹ ቀድሜ፥ «እኅቴ፥ ልጅሽን ያዢ እንጂ፤ ቤተ ክርስቲያን እኮ ነው!» አልሁ። ሴቲቱ አንድም ቃል አልመለሰችልኝም። ልጁን ታቅፋ ወጣች፤ ስወጣም የልጁ ጫማዎች በደጁ ላይ እንደ ቀሩ አየሁ። በኋላ ከጎረቤት እንደ ተረዳሁት፥ ልጁ ኦቲዝም ያለበት ነበር፤ እናቲቱም ከዚያች ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ያህል ወደ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። ለሕዝብ ንግግር ማሰማት እንጀራዬ ሆኖ ሳለ፥ በዕድሜዬ ከተናገርሁት ሁሉ ያች አንዲት ዐረፍተ ነገር ትከብደኛለች። ስለ ነገሩ መጠየቅና ማንበብ የጀመርሁትም ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ከዓይን የተሰወረ ጕዳት ስንል አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ኦቲዝም አለ፤ ትኩረትን ለመሰብሰብና ባሉበት ለመርጋት አለመቻል አለ፤ አእምሮው ንቁ ሆኖ ሳለ ፊደል የሚምታታበት ልጅ አለ፤ የአእምሮው ዕድገት የዘገየ አለ። ጆሮው በመግል ብዛት ተጐድቶ በግማሽ የሚሰማ ልጅም አለ፤ እርሱን «እምቢተኛ ነው፥ ሲጠሩት አይመጣም» እንለዋለን። የሚጥል በሽታም ከዚሁ ይቈጠራል። የሚጥል በሽታ ማለት ወድቆ መንፈራገጥ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ አንዳንዱ ልጅ ጸሎት እያደረሰ ሳለ ለጥቂት ሰኮንዶች ዓይኑን አፍዝዞ ዝም ይልና፥ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። መምህሩ «ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነው» ብሎ ይቆጣዋል፤ እርሱ ግን ለምን እንደ ተቆጡት እንኳ አያውቅም።

ከነዚህ ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይበልጥ የሚቸገረው ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቈይ። ቃሉ «ራስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ሲሆን፥ ሕመሙን ለይቶ በጽሑፍ ያስታወቀው በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ሌዎ ካነር ነው፤ እርሱም በአውሮጳ አቈጣጠር በ1943 ዓ.ም. የ11 ሕፃናትን ጠባይ መርምሮ ጻፈ። ከዚያ በፊት እንደነዚህ ያሉ ልጆች አልነበሩም ማለት ግን አይደለም፤ ስም አልወጣላቸውም ነበር እንጂ። የዓለም የጤና ድርጅት በቅርብ ዓመታት ያወጣቸው ግምቶች ከ100 እስከ 130 በሚሆኑ ሰዎች መካከል አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ያመለክታሉ። በዚህ ስሌት ሺሕ ሕፃናት ባሉበት ደብር ስምንት ወይም ዐሥር ያህል ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። በእርስዎ ደብር ስንቱን አይተዋል? ካላዩ፥ ምናልባት ከሠራተኛ ጋር ቤት ተዘግቶባቸው ይሆናል።

እንዲህ ያለው ልጅ ንግግር ሊዘገይበት ወይም ጨርሶ ላይናገር ይችላል፤ የሰማውን ቃል ደጋግሞ የሚያስተጋባም አለ። የሰው ዓይን ማየት ይከብደዋል። ከሁሉም ይልቅ ልናውቀው የሚገባን፥ ድምፅና ብርሃን፥ ሽታና ንክኪ ወደ እርሱ የሚደርሱት ወደ እኛ በሚደርሱበት መጠን አለመሆኑን ነው። ለእኔና ለእርስዎ ድምፅ የሆነው ለእርሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። እጁን ማርገብገቡም ራሱን የሚያረጋጋበት ዘዴ እንጂ ጨዋታ ወይም ንቀት አይደለም፤ በግድ ባስተዉት ጊዜ ጭንቀቱ ይጨምራል።

አሁን ቤተ ክርስቲያናችንን በዚህ ልጅ ጆሮና ቆዳ አስቡት። በዓል ነው፤ ሰው ተጨናንቋል፤ የማያውቀው ትከሻ ይገፋዋል። ጫማውን አውልቆ እግሩ የማያውቀውን ምንጣፍ ይረግጣል። ዕጣኑ በዙሪያው ይጤሳል። ከዚህ ሁሉ በላይ ድምፅ ማጉያው አለ። ስለ ድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ልበል፤ አባቶቻችን ያለ እርሱ ሲቀድሱ ከቅጽሩ ውጪ ያለው ምእመን ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሮውን የሚሸፍን ሰው ባይ አልፈርድበትም።

ይሁን እንጂ፥ ነገሩን በጥልቅ ያየነው እንደ ሆነ፥ ሥርዓታችን ለነዚህ ልጆች ከሚያስቸግረው ይልቅ የሚመቸው ይበዛል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ተመሳሳይነትን ይወዳል፤ ዛሬ የሆነው ነገር በሚመጣው ሳምንትም በዚያው ተራ መሆኑን ሲያውቅ ልቡ ያርፋል። ከሥርዓተ ቅዳሴ የበለጠ ተራው የተጠበቀ ነገር ከወዴት ይገኛል? ዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት እየተፈራረቁ ይደርሳሉ፥ የአካሄዱ ሥርዓት ግን የታወቀ ነው። ደግሞም አምልኮታችን በጆሮ ብቻ የሚሰማ ስብከት አይደለም። መስቀል መሳለም አለ፤ መስገድ አለ፤ ከበሮና ጸናጽል አለ፤ ጧፍ አለ። መናገር የማይችል ልጅ መስገድ ይችላል። ማንበብ የማይችል ልጅ ሥዕል ማየት ይችላል፤ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነው ለጌጥ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንዲማርበትም ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀና ብሎ በጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ያየ ሰው ይህን ያለ አስረጅ ይረዳዋል።

ስለ ቅጽሩም እንዲሁ ነው። በአገራችን ከሕንጻው ውጪ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በግንብ ጥግ ቆሞ ማስቀደስ የቈየ ልማድ ነው፤ እዚያ የቆመውንም ሰው «ቤተ ክርስቲያን አልገባም» የሚለው የለም። ስለዚህ ጩኸትና ግፊያ የማይችል ልጅ በዛፉ ሥር ቢያስቀድስ ከማኅበሩ የተለየ አይሆንም። እናቲቱ ይህን በዐውቃ እንድትመርጠው ቢነገራት መልካም ነው፤ በቁጣ ተባርራ እዚያ በደረሰች ጊዜ ግን ያው ዛፍ የስደት ቦታ ይሆንባታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙዎች «እንዲህ ያለ ልጅ ምን ገብቶት ያምናል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ለራሷ ልጆች ያላትን ሥርዓት መርሳት ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያው ቀንም ቅዱስ ቍርባን ይቀበላሉ። የአርባ ቀን ሕፃን ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ አይወጣም፤ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ በቅዳሴ መካከልም ያለቅሳል። ማንም ግን «ገብቶት እስኪያድግ ይቈይ» አላለውም፤ ክርስትና አባቱ ስለ እርሱ ተናገረለት እንጂ። በ40 ቀኑ ያልተጠየቀውን ዕውቀት በሰባት ዓመቱ የምንጠይቀው፥ ቢያጣም ከደጅ የምንመልሰው በየትኛው ሥርዓት ነው? ሕፃኑን ያስገባችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የሚያስወጡት እኛ በስተኋላ የቆምነው ነን።

ይህ ማለት መማር አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ያስፈልገዋል፥ ይችላልም። ነገር ግን በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ እምነትና ፈተና ይቀላቀሉብናል። ጥቅስ በቃሉ የወጣ ልጅ ይሸለማል፤ ያልወጣው በኋለኛው ወንበር ይቀመጣል፤ በበዓል ቀንም ለመዝሙር ሳይመረጥ ይቀራል። የልጁ እናት ይህን በዓይኗ አይታ ትመለሳለች።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ሊቅ፥ ገድሉ እንደሚተርከው፥ በዘመዱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ ብሎት፥ ግርፋቱንም መታገሥ አቅቶት ኰበለለ። በዛፍ ሥር ባረፈ ጊዜ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ስድስት ጊዜ ሞክሮ ሲወድቅ፥ በሰባተኛው ሲደርስ አየ፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ተመለሰ። እኛ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ ለልጁ እንነግረዋለን፤ «አንተም እንደ ትሉ ጣር» እያልን። ለመምህሩ የሚነግረው ሰው ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። አባ ጌዴዎን የተመለሰውን ልጅ «አንተማ አይገባህም» ብለው ደጁን ዘግተውበት ቢሆን ኖሮ፥ ድጓም ጾመ ድጓም፥ ግዕዝና ዕዝል አራራይም ከወዴት ይገኙ ነበር? ያሬድ ይህ ወይም ያ ሕመም ነበረበት ለማለት አይደለም፤ ከአሥራ አራት መቶ ዓመት በኋላ ሰውን መመርመር ሞኝነት ነው። የምለው፥ ትምህርት ያልገባውን ልጅ የሚያስተምር መምህር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ሥራ አልተጨመረበትም።

ስለ ወላጆቹ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት የምትሰማው ብዙ ነው፤ እርግማን ነው ይላሉ፥ የእናቲቱ ኀጢአት ነው ይላሉ፥ ቡዳ በልቶት ነው ይላሉ። በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛ ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀው ነበር፤ የጌታም መልስ ኀጢአቱ የእርሱም የወላጆቹም አለመሆኑን የሚገልጽ ነበር። መልሱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ጥያቄው እስከ ዛሬ አልቆመም። ካህኑ ዔሊም ሐናን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋም ሳይሰማ ባየ ጊዜ የሰከረች መስሎት ገሠጻት፤ ነገሩን በነገረችው ጊዜ ግን ወዲያው ቃሉን መልሶ መረቃት። በቤተ መቅደስ ያረጀ ካህን በመልክ አይቶ ከተሳሳተ፥ እኛ እንዳንሳሳት ምን ዋስትና አለን? ዔሊን የምናመሰግነው ቃሉን ፈጥኖ በመመለሱ ነው።

እናትን መውቀስ የኛ ብቻ እንዳይመስልዎ። በሠለጠነው ዓለም የነበሩ ሊቃውንትም ይህንኑ አድርገዋል። በቺካጎ የነበረው ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ኦቲዝም የሚመጣው ከእናት ፍቅር መንፈግ እንደ ሆነ አድርጎ አቀረበ፤ ብዙ እናቶችም በዚህ ምክንያት በከንቱ ሲከሰሱ ኖሩ። ከእርሱ በፊት በ1964 የሥነ ልቡና ሊቁ በርናርድ ሪምላንድ፥ እርሱም ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበር፥ ነገሩ ከአእምሮ አፈጣጠር እንጂ ከአስተዳደግ እንዳልሆነ ጽፎ ነበር። ዛሬ ሳይንሱ በሪምላንድ ወገን ነው። በአገራችንም ዘሚ የኑስ የተባሉት እናት ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ባወቁ ጊዜ ከመደበቅ ይልቅ ወደ አደባባይ አወጡት፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ አቋቁመው በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለነዚህ ልጆች ሲሟገቱ ኖሩ። ኦቲዝም የሚለው ቃል በየቤታችን የታወቀው በአብዛኛው በእርሳቸው ድካም ነው።

አሁን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ስለ ሆነው ስለ ጠበልና መድኃኒት እናገራለሁ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ ወላጆቹ ጠበል ማስጠመቃቸው እምነታቸው ነው፤ የሚነቅፋቸው ሊኖር አይገባም። ነገር ግን አንዳንዶች «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጕደል ነው» በሚል ምክር ልጁ በየቀኑ የሚወስደውን ኪኒን ያስተዉታል። እንደ ፌኖባርቢታል ያለ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ፥ መንፈራገጡ ከቀድሞው በርትቶ፥ አንዱ ሳይቆም ሌላው እየተከተለ፥ ልጁን እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ፥ አብረውም ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለሕዝብ አስታውቀው ነበር። ለዚያ ሕመም የተባለው ለዚህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ጠበሉን ይጠመቅ፥ ኪኒኑንም ይዋጥ፤ መድኃኒቱን መቀነስና ማቆም የሐኪሙ ሥራ ነው።

ንክኪ ለማይችል ልጅ ደግሞ ጠበሉ ራሱ በፍቅር ሊሰጠው ይገባል። የማያውቃቸው ሰዎች እጅና እግሩን ይዘው ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈስሱበት፥ የሚቀረው ነገር ፍርሀት ብቻ ነው። ሰው ሳይበዛ በማለዳ ተወስዶ፥ እናቱ በእጇ ፊቱን ብታብሰው፥ በለመደው ኩባያም ቢጠጣ በረከቱ አይጎድልበትም።

የእናቶች ትልቁ ጭንቀት ግን ቍርባን ነው፤ «ልጄ ቢተፋውስ?» ይላሉ። የቍርባን ክብር ቀላል ስላልሆነ ይህን ፍርሀት ማቃለል አይገባም፤ ልጁን ለዓመታት ማራቅም መፍትሔ አይደለም። አንድ አስተዋይ ካህን የሰጡትን ምክር ልንገራችሁ። እናቲቱ አስቀድማ ለንስሐ አባቷ ታስረዳለች፤ በቤትም ለጥቂት ሳምንት በትንሽ ማንኪያ የዘቢብ ውሃ እያቀመሰች አፉን ታስለምደዋለች። ይህ ቍርባንን ለማስመሰል ሳይሆን፥ ጣዕሙና ማንኪያው እንግዳ እንዳይሆንበት ነው። በቀኑም ካህኑ አስቀድመው ስለሚያውቁት በጣም ጥቂት ይሰጡታል፤ የቅዳሴው ጠበልም ወዲያው ይቀርብለታል፤ በሰልፍ ተጋፍቶ እንዳይጨነቅም ተራው ሲደርስ ብቻ ይጠራል። ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ውይይት ነው፤ አዲስ ሥርዓት አይደለም። ቤት እየገቡ የቤተ ሰቡን ችግር የሚያውቁ ንስሐ አባት ያሉን ሕዝብ መሆናችንን ሌላው ዓለም ቢያውቅልን ይቀናብናል፤ ስለ ልጃችን ግን ሳንነግራቸው ጠበል ረጭተው ይሄዳሉ።

ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ጥቂት ልጨምር። መምህሩ ልጁ የሚያውቀው አንድ ሰው ይሁን፤ በየሳምንቱ አይለዋወጥ። ትምህርቱ አጭር ይሁን፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥዕልና በሚዳሰስ ነገር ይሰጥ። ከማለቁ በፊት «አሁን መዝሙር፥ ከዚያ ወደ ቤት» ተብሎ ይነገረው፤ ድንገተኛ ለውጥ ያስጨንቀዋልና። ጆሮው የደከመውን ከፊት አስቀምጡት፥ ስትናገሩም ፊታችሁን አይመልከት አትበሉ፤ ከንፈራችሁን እያየ ነው የሚሰማችሁ። ፊደል የሚምታታበትን በጓደኞቹ ፊት አታስነብቡት፤ ዜማውን በጆሮው ይያዝ፥ አበው ቃል ትምህርትን ያቆዩልን ለዚህም ጭምር ይጠቅማል። ይልቁንም ለልጁ ሥራ ስጡት፤ ጧፍ ማደል፥ ምንጣፍ መዘርጋት፥ መጻሕፍት መሰብሰብ። ልጅ ቤቱ መሆኑን የሚያውቀው ሥራ በተሰጠው ጊዜ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል አብዛኞቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ ሆናችሁ አውቃለሁ፤ ከእናንተም ብዙዎች በየደብራችሁ በሰበካ ጉባኤ በጸሐፊነትና በሒሳብ ሹምነት ታገለግላላችሁ። ቃለ ዓዋዲው ካህናትን፥ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ያስቀመጠው እንዲህ ያለው ነገር እንዲመከርበት ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ በቢሮአችን ስለዚሁ ሰርኩላር ደርሶን እናውቅ ይሆናል። ቅጽሩ ውስጥ ግን ሰርኩላር አይደርስም፤ በዛፉ ሥር ሁለት አግዳሚ ወንበር የሚያስቀምጠው፥ ድምፅ ማጉያውን የሚቀንሰው፥ ዘበኛውንም «እንዲህ ያለች እናት ስትመጣ አትቆጣ» ብሎ የሚያስጠነቅቀው ጉባኤው ነው። የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት አባሎች የሆናችሁም በየሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ይህንኑ ብትጠይቁ ችግሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ያን ልጅና እናቱን በተመለከተ፥ በንስሐ አባታቸው አማላጅነት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። እናቲቱም፥ «እርስዎ ብቻ ቢሆኑማ ምን ነበረበት፤ ያን ቀን ግን የሁሉም ፊት የእርስዎን ፊት መሰለብኝ» አለችኝ። ቡና አፍልታ አጠጣችኝ። ልጁ አላየኝም፤ የሲኒዎቹን ጆሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞር ቈየ።

አሁን በኪዳን ሰዓት፥ ሰው ሳይበዛ ይመጣሉ። ልጁ ጥቂት ከቆመ በኋላ ወደ ደጁ ወጥቶ የምእመናኑን ጫማ ጥንድ ጥንዱን እያደረገ በመስመር ይደረድራል። መጀመሪያ ዘበኛው ሊከለክለው ነበር፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ግን «ተወው፥ አገልግሎቱ ነው» አለና ስሙን ከአገልጋዮች መዝገብ ጻፈው። ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ጫማችንን ሳንፈልግ እናገኛለን። ባለፈው እሑድ የእኔን ከአንድ ቄስ ጫማ ጋር አጣምሮት ስለ ነበር ጥቂት ተሳስቀናል። የድምፅ ማጉያው ጉዳይ ግን በሰበካ ጉባኤው ቀርቦ፥ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።